230 ጥያቄ ፈትቼ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ የምደናገረው ለምንድን ነው?

የኅዳር ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የሶፍትዌር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ላለፉት ስምንት ወራት ሊትኮድ በተባለው የኮድ መለማመጃ ድረ ገጽ ላይ የአልጎሪዝምና የዳታ ስትራክቸር (የስሌት ዘዴና የመረጃ አያያዝ) ጥያቄዎችን ስሠራ ቆይቻለሁ። እስካሁን 230 ያህል ጥያቄዎች የፈታሁ ሲሆን ከእነዚህም 140 ያህሉ መካከለኛ ከሚባለው ደረጃ ናቸው። የምጽፈው በጃቫ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። የምሠራውም በርዕስ በርዕስ እየከፋፈልኩ ነው፤ ሁለት ሳምንት አሬይ (የቁጥሮች ረድፍ) እና ሃሽ ማፕ (ያየነውን መዝግቦ ስንጠይቀው ወዲያው የሚመልስ ሰንጠረዥ)፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ስላይዲንግ ዊንዶው (በረድፉ ላይ እየሰፋና እየጠበበ የሚሄድ መስኮት)፣ ከዚያ ስታክ፣ ባይነሪ ሰርች (ክልሉን በየጊዜው ለሁለት እየከፈሉ መፈለግ)፣ ትሪና ግራፍ እያልኩ አሁን ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ላይ ደርሻለሁ። አንድ ጥያቄ ከ15 ደቂቃ በላይ ካስቸገረኝ የማብራሪያ ቪዲዮውን እከፍታለሁ፤ ሲገባኝ ኮዱን ጽፌ፣ «ትክክል ነው» የሚለውን አረንጓዴ ምልክት አይቼ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ድርጅት ለሥራ ልምምድ ያመለከቱ ተማሪዎችን የሚያጣራበት የ90 ደቂቃ ፈተና ላከልኝ። ጥያቄዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያውን በ20 ደቂቃ ጨረስኩት። ሁለተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ ሙሉ ቁጥሮችን የያዘ አንድ አሬይ ተሰጥቷል፤ ድምራቸው በትክክል ከተሰጠው ቁጥር ጋር እኩል የሚሆን ተከታታይ ክፍሎች ስንት ናቸው? «ተከታታይ» የሚለውን ቃል እንዳየሁ ስላይዲንግ ዊንዶው ነው ብዬ ጻፍኩ። ምሳሌ ሆነው የተሰጡትን አለፈ፤ ከተደበቁት መፈተሻዎች ግን ከ15ቱ 11 ብቻ አለፈልኝ። የቀረኝን ጊዜ በሙሉ እዚህ ላይ አንድ እየጨመርኩ፣ እዚያ ላይ አንድ እየቀነስኩ አባከንኩት። ፈተናውንም አላለፍኩም።

ያሳዘነኝ መውደቄ ብቻ አይደለም። በማግስቱ ስፈልግ ይኸው ጥያቄ ከአራት ወር በፊት «ፈትቼዋለሁ» ብዬ ምልክት ካደረግኩባቸው መካከል ተገኘ። ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የልምምድ ዘዴዬ ላይ ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ሁለተኛ፣ የሚቀጥሉትን አራት ወራት እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትጠቀሙባቸው ነበር? «ብዙ ሥራ» የሚለውን ምክር በተደጋጋሚ ሰምቼዋለሁና ከዚያ የተለየ ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጉባኤ ቃና

ወንድሜ፣ ስህተቱ አንተው በጻፍከው ውስጥ አለ። «በርዕስ በርዕስ» ብለሃል። ስላይዲንግ ዊንዶው ከሚል ዝርዝር ውስጥ አንድ ጥያቄ ስትከፍት ከፈተናው ግማሹ፣ ምናልባትም ከግማሽ በላይ የሆነው ሥራ ተሠርቶ ቀርቦልሃል። የትኛውን ቁልፍ ልጠቀም የሚለውን ጥያቄ ዝርዝሩ መልሶልሃል፤ አንተ የቀረህ ቁልፉን ማዞር ብቻ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የተለማመድከው ማዞሩን ነው። በፈተናው ቀን ደግሞ ሃያ ቁልፍ የታሰረበት ዘለበት ተሰጠህ።

አባቴ የቅኔ ቤት ተማሪ ነበሩና አንድ ነገር ልጨምር። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ ሲሰማና ሲያጠና ይውላል፤ ማታ ግን ነገራ ላይ ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ ትናንት የተባለውን መድገም አይችልም፤ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ብትሆን የራሱን ቆጥሮ መምጣት አለበት። ቪዲዮ አይቶ ያንኑ ኮድ መጻፍ ግን የሰሙትን መድገም ነው። ነገራው የሚመጣው ቪዲዮው ከተዘጋ ከቀናት በኋላ፣ ባዶ ገጽ ላይ ነው።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ እንመለስና ስላይዲንግ ዊንዶው ለምን እንደማይሠራ በእጃችን እንይ። አሬዩ 2፣ 5፣ -3፣ 4፣ 1፣ 2 ይሁን፤ የሚፈለገው ድምር ደግሞ 7። በመስኮቱ ዘዴ ከግራ እንጀምራለን። 2 ሲደመር 5 ሰባት ሆነ፤ አንድ አገኘን። -3 ሲገባ ድምሩ ወደ 4 ወረደ፤ 4 ሲገባ 8 ሆነ። ከሰባት ስለበለጠ ከግራ 2ን አወጣን፤ 6 ቀረ። 1 ሲገባ እንደገና ሰባት፤ ሁለተኛውን አገኘን። 2 ሲገባ 9፤ በዛ ብለን 5ን አወጣን፤ 4 ቀረ፤ አሬዩም አለቀ። መልሳችን ሁለት ነው። ትክክለኛው መልስ ግን ሦስት ነው፤ የመጨረሻዎቹ 4፣ 1 እና 2 ተደምረው ሰባት ይሆናሉ። ለምን አመለጠን? መስኮቱ በዚያን ጊዜ -3፣ 4፣ 1፣ 2ን ይዞ ነበር፤ ድምሩ ከሰባት ያነሰ ስለሆነ ሕጋችን «ከቀኝ ጨምር» ይላል፤ የሚያስፈልገን ግን -3ን ከግራ ማውጣት ነበር። መስኮቱ የሚሠራው «ሳሰፋው ድምሩ ያድጋል፣ ሳጠበው ድምሩ ይቀንሳል» የሚለው ሐሳብ እውነት ሲሆን ነው። አንድ አሉታዊ ቁጥር ሲገባ ይህ ሐሳብ ይፈርሳል። ያላለፉልህ አራት መፈተሻዎች አሉታዊ ቁጥር የያዙት እንደነበሩ ብወራረድ አልፈራም።

ትክክለኛው መንገድ ባለ ሱቅ የዕለት ሽያጩን ደብተር ላይ እያደመረ እንደሚወርደው ነው። ከ0 ጀምረን የተጠራቀመውን ድምር ብንጽፍ 0፣ 2፣ 7፣ 4፣ 8፣ 9፣ 11 ይሆናል። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ክፍል ድምር የሁለቱ የተጠራቀሙ ድምሮች ልዩነት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ስንደርስ «ከዚህ በፊት ከአሁኑ በሰባት የሚያንስ ድምር ስንት ጊዜ አይቻለሁ?» ብለን ሃሽ ማፕን እንጠይቃለን። 7 ላይ 0ን፣ 9 ላይ 2ን፣ 11 ላይ 4ን እናገኛለን፤ ሦስት ማለት ነው። አሬዩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አለፍን። ማፑ ገና ከመጀመሪያው 0ን አንድ ጊዜ እንዳየ ተደርጎ መጀመር እንዳለበት እንዳትረሳ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ከአሬዩ መነሻ የሚጀምሩትን ክፍሎች በሙሉ ያጣል።

ሌላው ልማድ ኮድ ከመጀመርህ በፊት ገደቦቹን (ጥያቄው ለቁጥሮቹና ለአሬዩ ርዝመት የሚሰጠውን ወሰን) ማንበብ ነው። በጃቫ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ሚሊዮን ያህል ቀላል ስሌት ይሠራል ብለህ ብታስብ ለግምት ይበቃሃል። የአሬዩ ርዝመት እስከ 100,000 ከሆነ ሁለት የተደራረበ ሉፕ (አንዱ በሌላው ውስጥ የሚደጋገም ስሌት) 10 ቢሊዮን ይደርሳል፤ ስለዚህ ገና ሳይጻፍ ወድቋል። ርዝመቱ በሎጋሪዝሙ ሲባዛ ግን 1.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ ሶርት ማድረግ (በቅደም ተከተል መደርደር) ወይም ባይነሪ ሰርች ይቻላል ማለት ነው። ርዝመቱ እስከ 20 ብቻ ከሆነ ደግሞ ጥያቄ አውጪው ንዑስ ስብስቦችን ሁሉ እንድትሞክር እየጋበዘህ ነው፤ 1,048,576 ብቻ ናቸውና። ዝርዝሩ ይሰጥህ የነበረውን ፍንጭ አሁን ከገደቦቹ ትወስዳለህ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው ፍንጭ ፈተና ላይም አብሮህ የሚገባ መሆኑ ነው።

የኅዳር ልጅ

እጅግ አመሰግናለሁ። በቅድሚያ ግን እህትዎ እንጂ ወንድምዎ አይደለሁም፤ አልተቀየምኩም። በምሳሌዎ መሠረት በወረቀት ላይ ደግሜ ሠራሁት፤ እኔም ያገኘሁት ሁለት ነበር፤ የት ላይ እንደሳትኩ አሁን በዓይኔ አየሁት። በፈተናው ላይ የተጻፈው ገደብም «ከ-1,000 እስከ 1,000» ይል እንደነበር አስታወስኩ። አንብቤው ነበር፤ ግን ምንም አልነገረኝም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በርዕስ ካልተማርኩ ፕሪፊክስ ሰም (ይኸው የተጠራቀመ ድምር) የሚባል ነገር መኖሩን ከየት አውቃለሁ?

ጉባኤ ቃና

ይቅርታ እህቴ፤ ስሙን አይቼ መገመት አልነበረብኝም።

ፊደል ሳይቆጥሩ ዳዊት አይደገምም፤ ስለዚህ በርዕስ መማሩ ራሱ ስህተት አይደለም። ስህተቱ እዚያው መቅረት ነው። አንድ ርዕስ ላይ አሥር ወይም አሥራ አምስት ጥያቄ ከሠራሽ በኋላ የዚያ ርዕስ ቀሪ ጥያቄዎች ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው፣ ስማቸው ተሸፍኖ ሊመጡብሽ ይገባል። ሊትኮድ ላይ የርዕስ ምልክቶቹን በማስተካከያው ውስጥ መደበቅ ይቻላል፤ ዛሬውኑ ደብቂያቸው።

ግራጫ ሬቲንግ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የእኔ ምክር ግን አጭር ነው፦ ውድድር ግቢ። በውድድር ላይ ርዕስ የሚነግርሽ፣ ቪዲዮ የሚያሳይሽ የለም። የሊትኮድ ሳምንታዊ ውድድር በእኛ አቆጣጠር እሑድ ከሌሊቱ 11:30 ላይ ይጀምራል፤ አራት ጥያቄ አለው፤ ጊዜው ልክ እንደ ወደቅሽበት ፈተና 90 ደቂቃ ነው። የተሳሳተ መልስ ባስገባሽ ቁጥር አምስት ደቂቃ ይታሰብብሻል፤ ይህ «አንድ ጨምሬ ልየው፣ አንድ ቀንሼ ልየው» የሚለውን በሽታ ያድናል። በሌሊት መነሳት የማይሆንልሽ ከሆነ ኮድፎርስስ የተባለው የሩሲያው የውድድር ድረ ገጽ ውድድሮች ብዙ ጊዜ ከቀኑ 11:35 ላይ ናቸው፤ የሞስኮና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን።

እኔ ሁለት ዓመት ስወዳደር ሬቲንጌ (የውድድር ነጥቤ) ከ1200 አልፎ አያውቅም፤ በኮድፎርስስ ከዚያ በታች ያለ ሰው ስሙ በግራጫ ይጻፋል፤ ስሜም ለዚያ ነው። ቢሆንም ሁለት የሥራ ፈተና ያለፍኩት በሬቲንጉ ሳይሆን የማላውቀው ጥያቄ ፊት ለፊት ተቀምጦ መቆየትን በመልመዴ ነው። ደግሞም ውድድሩ ሲያልቅ ሥራው አያልቅም፤ ያልፈታሻትን አንዲት ጥያቄ፣ ከደረጃሽ በአንድ ከፍ የምትለውን ማለቴ ነው፣ በዚያው ሳምንት ፈትተሽ ማስገባት አለብሽ። ከዚያ በላይ ያሉትን ተያቸው።

ከሲያትል

ውይይቱን በደስታ ተከታትየዋለሁ። ላለፉት ዓመታት ከሥራዬ ጎን ለጎን ለቃለ መጠይቅ የሚመጡ አመልካቾችን እጠይቃለሁ፤ ስለዚህ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ።

መጀመሪያ በውድድር ሐሳብ ላይ ትንሽ ማስተካከያ አለኝ። ውድድር ዝምታን ያስተምራል፤ ቃለ መጠይቅ ግን ዝም ብሎ የሚፈታን ሰው አይወድም። 45 ደቂቃ አለኝ እንበል። አንዳንዱ አመልካች ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ መተየብ ይጀምራል። እኔ ግን ገደቦቹን ሆን ብዬ አስቀርቻቸዋለሁ፤ ቁጥሮቹ አሉታዊ ሊሆኑ ይችላሉ ወይ፣ አሬዩ ባዶ ሊሆን ይችላል ወይ፣ ርዝመቱ እስከ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀኝን እየጠበቅኩ ነው። አንቺ ፈተና ላይ ያነበብሽው ግን ምንም ያልነገረሽ «ከ-1,000 እስከ 1,000» የሚለው መስመር በቃለ መጠይቅ ላይ ጨርሶ አይጻፍም፤ ካልጠየቅሽ የለም። ስለዚህ ብቻሽን ስትለማመጂም ቢሆን ድምፅ አውጥተሽ ተናገሪ፤ በአማርኛም ይሁን። የቤት ሰው ለጊዜው ይገረማል፤ ቆይቶ ይለምደዋል።

ሁለተኛ፣ ዘዴን ከቃል ጋር ማያያዝን ተጠንቀቂ። «ተከታታይ» ሲባል መስኮት፣ «የተደረደረ» ሲባል ባይነሪ ሰርች የሚል ማኅደር በአእምሮሽ ከፍተሽ ከሆነ ጥያቄ አውጪው ቃሉን በመቀየር ብቻ ያሸንፍሻል። ሊትኮድ ላይ ኮኮ የምትባል ሙዝ የምትበላ እንስሳ ያለችበት የታወቀ ጥያቄ አለ። የሙዝ ክምሮች 3፣ 6፣ 7 እና 11 ናቸው፤ ጠባቂዎቹ ከስምንት ሰዓት በኋላ ይመለሳሉ፤ በአንድ ሰዓት ከአንድ ክምር ብቻ ትበላለች፤ ሁሉንም ለመጨረስ በሰዓት ቢያንስ ስንት ሙዝ መብላት አለባት? በጥያቄው ውስጥ የተደረደረ አሬይ የለም፤ የሚፈለግ ዕቃም የለም። ነገር ግን በሰዓት 3 ብትበላ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ሰዓት፣ በድምሩ 10 ይፈጅባታል፤ አይበቃም። በሰዓት 4 ብትበላ 1፣ 2፣ 2 እና 3፣ በድምሩ 8 ይሆናል፤ ይበቃል። በ4 ከበቃ በ5ም በ6ም ይበቃል። «አይሆንም፣ አይሆንም፣ ይሆናል፣ ይሆናል» እያለ የሚሄድ መስመር አገኘን ማለት ነው፤ ባይነሪ ሰርች የሚፈልገውም ይህንኑ ብቻ ነው። ክምሩ እስከ አንድ ቢሊዮን ሙዝ ቢደርስ እንኳ 30 ያህል ሙከራ ይበቃል።

እንግዲህ ልብ በይ፦ ጉባኤ ቃና ስለ መስኮቱ የነገሩሽና እኔ ስለ ሙዙ የምነግርሽ አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዘዴ እንዲሠራ እውነት ሊሆን የሚገባው አንድ ሐሳብ አለው። ለመስኮቱ «ሳሰፋ ያድጋል» ነው፤ ለባይነሪ ሰርች «አንዴ ከሆነ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ይሆናል» ነው። መሸምደድ የሚገባው ኮዱ ሳይሆን ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ዘዴውን ከመጻፍሽ በፊት ዓረፍተ ነገሩ በዚህ ጥያቄ ላይ እውነት መሆኑን በሁለት ትንንሽ ምሳሌዎች፣ አንዱን ሆን ብለሽ ክፉ አድርገሽ፣ ፈትኚው። ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ አንቺ ከአንድ ሰዓት በላይ ያጣሽው ይህን ሦስት ደቂቃ ባለማውጣትሽ ነው።

ባይነሪ ሰርችን ካነሳሁ አይቀር፣ ቀላል የሚመስል ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት አንድ ታሪክ ልጨምር። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑት እንደመዘገቡት የመጀመሪያው ባይነሪ ሰርች የታተመው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን ለማንኛውም ርዝመት በትክክል የሚሠራው የታተመው ግን በ1960 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የጃቫ የራሱ ባይነሪ ሰርች ለዓመታት ስህተት ይዞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ከጃቫ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ጆሹዋ ብሎክ ይፋ አድርጎታል። ስህተቱ መሐሉን ለማግኘት የግራውንና የቀኙን ቁጥር ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነበር፤ ድምሩ ከ2,147,483,647 ሲበልጥ ወደ አሉታዊ ይገለበጣል። አንቺም በጃቫ ስለምትጽፊ ከግራው ላይ የልዩነቱን ግማሽ መደመርን ልማድ አድርጊው።

ሻማና ወረቀት

ከሲያትል ለጻፉት ታላቄ ምስጋና ይድረሳቸው። እኔ ደግሞ መብራትና ኢንተርኔት በማይታመንበት ቦታ ስለ መለማመድ ጥቂት ልበል፤ ጠያቂዋም ከዚህ ችግር የራቀች አይመስለኝም።

ቅዳሜ ኢንተርኔት ሳገኝ ለሳምንቱ የሚሆኑ ስድስት ጥያቄዎችን ከነገደባቸው ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፤ ርዕሳቸውን አልጽፍም። ሲኤስኢኤስ የተባለው የፊንላንዶች የጥያቄ ስብስብ ነጻና ገጹ ቀላል ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። በሳምንቱ ውስጥ በእስክሪብቶ እፈታለሁ። በወረቀት ላይ ያለው ጥቅም «ሞክሬ ልየው» የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው፤ ኮዱን በጣቴ እየተከተልኩ እኔው ኮምፒውተር እሆናለሁ። ቅዳሜ ተመልሼ እተይበውና አስገባዋለሁ።

እንደገና ለመሥራትም ደብተሩ ይጠቅማል። ላልፈታኋት ለእያንዳንዷ ጥያቄ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ መጀመሪያ ምን አሰብኩ፣ ያሰብኩት የቱ ምሳሌ ላይ ፈረሰ፣ በጥያቄው ውስጥ የትኛው ቃል ወይም ገደብ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ከባዶ ገጽ እሠራታለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ከወደቅኩ «ፈትቻለሁ» ብዬ አልቆጥራትም። በዚህ ሚዛን ብመዘን የእኔ ቁጥር ከ90 አይበልጥም፤ ግን 90ዎቹ የእኔ ናቸው።

ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ላይ እንደደረሰች ስለጻፈች አንድ ከገበያ የተወሰደ ምሳሌ ልተውላት። የዝርዝር ሳንቲም ጥያቄውን ታውቂዋለሽ፤ አንድን ሒሳብ በጥቂት ሳንቲሞች መክፈል ነው። የእኛን የብር ኖቶች ውሰጂ፤ 10፣ 50፣ 100 እና ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው 200። ሁልጊዜ ትልቁን አስቀድሞ ማንሳት ያዋጣል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ኖት የሚቀጥለውን ያለ ቀሪ ያካፍላል። አሁን ወደ ሳንቲሞቹ እንውረድ። 5 ሳንቲም ከገበያ ጠፋ እንበልና 10፣ 25 እና 50 ብቻ ቢቀሩ 30 ሳንቲም እንዴት ትከፍያለሽ? ትልቁን ላስቀድም ብለሽ 25ን ካነሳሽ 5 ይቀርብሽና ትጣበቂያለሽ፤ ሦስት 10 ግን ይከፍለዋል። 10 እና 25 አይካፈሉም፤ ሐሳቡ ፈረሰ። ግሪዲ (ሁልጊዜ ትልቁን የማስቀደም ዘዴ) የሚሠራበትና የማይሠራበት ድንበር በአንድ የአገልግሎት ሰጪ ኪስ ውስጥ ይኸውልሽ፤ ከዚህ በኋላ ነው እያንዳንዱን ሒሳብ ከታች ጀምሮ እያስታወሱ መሥራት፣ ማለትም ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ፣ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው።

ግራጫ ሬቲንግ

የሳንቲሙን ምሳሌ ወድጄዋለሁ፤ ምንም እንኳ 25 ሳንቲም ካየሁ ስንት ዓመቴ ቢሆንም።

የወረቀቱን ሐሳብ ግን ለሁሉም ጥያቄ አልመክርም። አንዳንድ ስህተት የሚታየው በትልቅ ዳታ ላይ ብቻ ነው። ጓደኛዬ በፓይተን ግራፍ (እርስ በርስ የተያያዙ ነጥቦች) ላይ ቢኤፍኤስ (ነጥቦቹን ከቅርብ ወደ ሩቅ የማዳረስ ዘዴ) ሲጽፍ እንደ ወረፋ የተጠቀመው ተራውን ሊስት ነበር፤ ከፊት አንድ ባወጣ ቁጥር የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ወደፊት ይገፋሉ። ወረቀት ላይ ፍጹም ትክክል ነው፤ አንድ ሚሊዮን ነጥብ ላይ ግን ሰዓቱ አለቀበት። ከሁለቱም ጫፍ በቀላሉ በሚያወጣው ዴክ ሲተካው በዚያው ኮድ አለፈ።

የኅዳር ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጻፋችሁልኝ በኋላ ሦስት ሳምንት አለፈ። የርዕስ ምልክቶቹን ደብቄያለሁ፤ ደብተርም ጀምሬያለሁ። ከ230ዎቹ መካከል ሃያ በዕጣ አውጥቼ ከባዶ ገጽ ብሠራቸው በራሴ የጨረስኩት ሰባቱን ብቻ ነው። ቁጥሩ ቢያሳፍርም ሳልደብቅ ልጽፈው ወደድኩ። ሁለት እሑድም በሌሊት ተነሥቼ ተወዳድሬያለሁ፤ በመጀመሪያው አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት ጥያቄ ፈታሁ።

ዛሬ ግን አንድ ነገር አስቸግሮኝ ተመለስኩ። የዚያችን ጥያቄ እኅት፣ ማለትም ድምራቸው ለተሰጠው ቁጥር ያለ ቀሪ የሚካፈል ተከታታይ ክፍሎችን መቁጠር፣ ያለ ማንም እርዳታ አሰብኩት። ሁለት የተጠራቀሙ ድምሮች ተመሳሳይ ቀሪ ካላቸው ልዩነታቸው ይካፈላል፤ ስለዚህ ሃሽ ማፑ ድምሩን ሳይሆን ቀሪውን ይቁጠር ብዬ ጻፍኩ። ሐሳቡ ትክክል ይመስለኛል፤ 0ንም አስቀድሜ አስገብቻለሁ። ነገር ግን አሬዩ -3 እና 7፣ አካፋዩ 7 ሲሆን መልሱ አንድ መሆን ሲገባው ዜሮ ይሰጠኛል። መፍትሔውን ከመክፈቴ በፊት ፍንጭ ብቻ ስጡኝ።

ጉባኤ ቃና

ሐሳብሽ ትክክል ነው። የተጠራቀሙት ድምሮች 0፣ -3 እና 4 ናቸው። -3ን ለ7 አካፍለሽ ቀሪውን ጃቫ ምን እንደሚልሽ ለብቻው አሳትሚና እዪው፤ ከዚያም ወረቀት ላይ ራስሽ ብታካፍዪው ስንት እንደምትዪ አስቢ።

የኅዳር ልጅ

ጃቫ -3 ይላል፤ እኔ ደግሞ 4 እላለሁ። ለዚህ ነው ከ4 ጋር ያልተገናኙት። ቀሪው ላይ 7 ደምሬ እንደገና ለ7 አካፍዬ ቀሪውን ወሰድኩ፤ አሁን መልሱ አንድ ሆኗል፤ ሳስገባውም ሁሉንም መፈተሻ አለፈ። በደብተሬ ላይ ከሦስት ቀን በኋላ ይደገም ብዬ መዝግቤዋለሁ።